ጸጥ በሉ ያልኩበት ምርቃት

ባለፈው ጥር ሮቤ ላይ የጎረቤቴን ልጅ ስንድር ነው ነገሩ የተቀሰቀሰብኝ። ቪዲዮ አንሺዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ፕሮጀክተር ተክለው የሙሽሮቹን የልጅነት ፎቶ ነጭ አንሶላ ላይ ያሳያሉ። ሰው ሁሉ ወደ አንሶላው አንጋጦ ይስቃል፤ እኔ ግን ማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ አሸታለሁ። የጋለ አቧራ፣ የሞቀ ፕላስቲክ፣ ትንሽም የተለበለበ ጸጉር የሚመስል ነገር። የወጡን ሽታ ሁሉ አስረሳኝ። አጠገቤ የነበረችው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ አዞረሽ እንዴ?» አለችኝ። ምን አዞረኝ! ያንን ሽታ ተከትዬ ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ነበር እንጂ። ይህቺ የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ለመምህርነት ትሠለጥናለች። ምሳዋን እየበላች በስልኳ ፎቶ ትቆርጣለች፣ ድምፅ ትለጥፋለች፣ ሙዚቃ ታለብሳለች፤ እጇን ሳትታጠብ ትምህርቱ ያልቃል። አልቀናባትም። ግን ስታደርገው አንድም ቀን ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም፤ በዚህ ብቻ አዝንላታለሁ። እኛ ደንግጠን ነው የተማርነው።

እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። ጎባና ሮቤ በሚኒባስ እፍኝ ቆሎ ሳያልቅ የሚደረስባቸው ከተሞች ቢሆኑም፣ እኛ ጽዱንና ብርዱን ይዘን ከላይ ተቀምጠን ሮቤን «የጋሪ ከተማ» እያልን እናሽሟጥጥ ነበር። የመምህራን ኮሌጅ ገብቼ ሮቤ ስኖር ነው ሽሙጡ ያለቀብኝ። ያኔ ታሪፉ ሁለት ብር ነበር፣ ወይስ ሁለት ከሃምሳ? ረዳቱ የሃምሳ ሳንቲም መልሴን ረስቶ ሊያወርደኝ ሲል እንደተጣላሁት ትዝ ይለኛል። አውቶቡስ ተራው ጥግ ያለው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ የኦሮምኛ ዘፈን ያንቆረቁራል፤ የጋሪ ፈረሶቹ እንኳ በዘፈኑ ምት የሚረግጡ ይመስሉኝ ነበር። ዘመኑ የሱቅ ታፔላ እየተፋቀ በአዲሱ የኦሮምኛ ፊደል የሚጻፍበት ነበርና ቀለም ቀቢዎች እንደዚያን ጊዜ በልተው አያውቁም። እኛ ሴቶቹ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጂንስ ጉርድ፣ ከላይ የሰልባጅ ሹራብ፣ ከታች ነጭ ሸራ ጫማ ነበር ፋሽናችን። ጫማው ነጭ የሚሆነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ የሮቤ ጭቃ ለማንም አያዝንም። ብቻ እንወደው ነበር፤ እሁድ እሁድ በጥርስ ብሩሽ እናጥበዋለን።

ጫማውን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሌጃችን ኮምፒውተር ሲመጣለት ክፍሉ የሚገባው በባዶ እግር ወይም በካልሲ ሆነ። አቧራ ይገድላቸዋል ተባለ። ስድስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ዳንቴል የተሠራበት ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። ከበሩ ውጭ አርባ ጥንድ ጫማ፣ ከበሩ ውስጥ አርባ ቀዳዳ ካልሲ። የባሌ ብርድ ከወለሉ በእግር ጣት ይገባና ጥርስ ላይ ይወጣል። መምህር ሙክታር የሚባል፣ የጊኒር ተወላጅ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቆጥብ አስተማሪ ነበረን። መጀመሪያ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «መልቲሚዲያ» ብሎ ጻፈ። እኛ የአገር ስም ይሁን የበሽታ አላወቅንም። ዞር ብሎ «ዓይን፣ ጆሮና እጅ አብረው የሚማሩበት ትምህርት ማለት ነው» አለን። ቀጥሎ ፕሮጀክተሩን አበራው። ግድግዳው ላይ የሳነቴ ተራራ ከነደመናው ወጣ፤ ተራራው ሥር ቀይ ቀበሮ ቆሟል። ያንን ተራራ በልጅነቴ በመኪና አልፌበታለሁ፤ ቀበሮውንም አይቻለሁ። ግን ክፍል ውስጥ ሲገባ ሌላ ሆነ። አንዷ ልጅ «ቢስሚላህ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ያ ሽታ የመጣው ያኔ ነው፤ ከማሽኑ ጉሮሮ፣ ትኩስ ሆኖ። ዛሬም አንድ ትልቅ ነገር ሊጀመር ሲል የሚሸተው እንደዚያ ይመስለኛል።

ታዲያ መገረም ሌላ፣ ማለፍ ሌላ። ለምረቃ ከሚያበቁን ነገሮች አንዱ በእውነተኛ ክፍል፣ በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት፣ ራሳችን ባዘጋጀነው መልቲሚዲያ ማስተማር ነበር። በመጀመሪያው ሙከራዬ ወደቅሁ። ሥዕሎቹን ደርድሬ፣ ማሽኑን አብርቼ፣ ልጆቹ ፊት ቆሜ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። በኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል፤ ሦስተኛ የለም። አባቴ ጎባ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ወሬው ሲደርሰው አልተቆጣም፤ የባሰውን አደረገ። «ልጄ፣ አንቺ ሰው ፊት ለመቆም አልተፈጠርሽም። እኔ ጋ ፋይል መደርደር ትችያለሽ፤ ቦታ እያስያዝኩልሽ ነው» አለኝ። በፍቅር ነበር ያለው። እኔ ግን ያ መዝገብ ቤት፣ ያ በቡናማ ገመድ የታሰረ ፋይል ሁሉ እየመጣብኝ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴን እወደዋለሁ፤ እንደ አባቴ መሆን ግን አልፈለግሁም። ነገሩ ሁሉ በዚያች አንዲት ሁለተኛ ትምህርት ላይ ተንጠለጠለ።

መላ የሰጠችኝ የክፍል ጓደኛዬ ዘይነባ ናት። የዲንሾ ልጅ ነበረች፤ ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ጉንጯ በብርዱ ሁልጊዜ ቀይ። ትምህርቱ ስለ ገብስ እንዲሆን መረጥን፤ ከመዝራት እስከ ማጨድ። «ሥዕሉን አንቺ ትሥያለሽ፤ ድምፁን አያቴ ይሰጥሻል። ለዘር ሲመርቅ ሰምተሽ ብታውቂ!» አለችኝ። አያቷን ኦቦ ከድርን አካባቢው ሁሉ ያውቃቸዋል። ዘር ሲዘራ፣ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታረቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ቤታችን አማርኛ ስለሚነገር ኦሮምኛዬ የገበያ ነበር፤ ዋጋ እጠይቅበታለሁ፣ ሰላም እልበታለሁ፣ ሲሰድቡኝ ይገባኛል። አራት ባትሪ ድንጋይና ከመምህር ሙክታር በፊርማ የተዋስኩትን ቴፕ ይዤ፣ ባዶ ካሴት መግዛት ከብዶኝ የወንድሜን የሠርግ ዘፈን ካሴት ቀዳዳ በወረቀት ደፍኜ፣ አንድ ቅዳሜ ዲንሾ ወጣሁ። መምህር ሙክታር አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮናል፦ «ድምፅ ስትቀዱ ጸጥታ! የተናጋሪው ብቻ! ሳል ቢገባ ነጥብ እቀንሳለሁ።»

ኦቦ ከድር ገብስ ማሳቸውን በሚያይ አጥር ሥር በግ ቆዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አደራችሁ ወይ፣ ከብቱ ደኅና ወይ፣ አባትሽ ደኅና ወይ፣ ጎባ ደኅና ወይ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ ጭኮ፣ ቀረበልን፤ ጣቴን እየላስኩ ነበር ቴፑን ያዘጋጀሁት። ከቤቱም ከጎረቤትም አሥር የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። እኔ የጎባ አዋቂ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በተራ በተራ ሁሉንም «እሽሽ» አልኳቸው። ሕፃኑን ሳይቀር። ቁልፉን ተጫንኩ። ሽማግሌው ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው በኦሮምኛ ጀመሩ፦ «እደጉ፣ አርጁ፣ ሽበት ይውረሳችሁ።» ቆሙ። ሁላችንም ጸጥ። ካሴቱ ይዞራል። አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ አዩ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ደገሙት፦ «እደጉ፣ አርጁ፣ ሽበት ይውረሳችሁ።» ጸጥ። አሥር ሰው እጁን ዘርግቶ፣ አፉን ዘግቶ፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ኦቦ ከድር እጃቸውን አጠፉና ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። «ዘይነባ፣ ምንድነው? ሰው ሞቷል እንዴ? ደብቃችሁኝ ነው?»

ዘይነባ በሳቅ ፈረሰች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምርቃት ሲወርድ ሰሚው «አሚን» እያለ እንደሚቀበል እኔም አላጣሁትም፤ ስንት ሠርግ ላይ ከሰው ጋር ብያለሁ። ግን እንደ ማጀቢያ ነበር የሚመስለኝ፤ እንደ ጭብጨባ፣ ቢኖርም ባይኖርም። ኦቦ ከድር በሚችሉት አማርኛ፣ ለእኔ ብለው ቀስ እያሉ፣ አስረዱኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ብቻዬን መራቂ አይደለሁም። እኔ ልወረውር፣ እነሱ ሊቀልቡ ነው። ያልቀለቡት ቃል መሬት ይወድቃል። የወደቀ ምርቃት ደግሞ ጥሩ አይደለም።» አሚኑ ይግባ እንዳልል የመምህሬ ነጥብ አለ፤ አሚኑ ይቅር እንዳልል ሽማግሌው አሉ። መሃል ላይ ቆሜ አንድ ነገር ከአፌ አመለጠኝ። «እርስዎ ይበሉና ዝም ይበሉ፤ ለአሚኑ ቦታ ይተዉ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ ይቀበሉዎታል።» በጣታቸው ወደ ቴፑ ጠቆሙ። «ሣጥን ውስጥ ያለን ሰው ልጆች ይቀበላሉ?» «ይቀበላሉ።» «ቃልሽ ነው?» «ቃሌ ነው።» «ኢንሻአላህ በይ።» «ኢንሻአላህ» አልኩ፣ የክርስቲያን ልጅ ሆኜ፣ ከልቤ። እንደገና እጃቸውን ዘረጉ። እያንዳንዱን ምርቃት እየጣሉ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም እያሉ፣ እስከ መጨረሻው ወሰዱት። በዚያ ዝምታ ውስጥ የአሥሩ ሰው ከንፈር ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ሰኞ ቴፑን ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ አገናኘን። መምህር ሙክታር ቁልፍ ነካና የኦቦ ከድር ድምፅ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ድምፅ ይታያል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አረንጓዴ ሆኖ፣ እንደ ተራራ ሰንሰለት ወጣ ወረድ እያለ፣ አንድ ጫፍ፣ ቀጥሎ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ደግሞ ጫፍ፣ ደግሞ ሜዳ። «እደጉ» ሲሉ ሦስት ጫፍ ነው። የሰው እስትንፋስ ከዲንሾ መጥቶ መስታወት ላይ ቆሟል፤ በጣቴ ልነካው እችላለሁ። ያን ቀን ባይኔ ያየሁትን ዛሬም የማምነው በግማሽ ነው። መምህር ሙክታር ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ይህ ሁሉ ባዶ ምንድነው? ቁረጪው። ተማሪ ዝምታ አይማርም፤ ክፍሉ ይረበሽብሻል።» መቁረጡን አሳየኝ። ሜዳውን በማውሱ ታጠቁሪዋለሽ፣ አንድ ቁልፍ ትነኪያለሽ፣ ሁለቱ ተራራ ይገጥማሉ፤ ምንም ያልነበረ ይመስላል። አንዱን ቆረጥኩ። ሳዳምጠው ሽማግሌው የሚሸሹ ሰው መሰሉኝ፤ ምርቃቱን ጥለው፣ ወደ ኋላ ሳያዩ። መለስኩት። የተቆረጠው መመለስ መቻሉም ራሱ ሌላ ተአምር ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ማውሱን ይዤ ዋልኩ። ዘይነባ «አንቺ፣ ቁረጪና እለፊ፤ አያቴ አይሰማ፣ አያይ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚሰማ የለም። አባቴም መዝገብ ቤቱን እያስያዘ ነው። ዓርብ ዕለት ጨርቁን ኮምፒውተሩ ላይ መልሼ ጫማዬን አደረግሁ፤ አልቆረጥኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ የኢንሻአላህዬን ነገር ፈርቼ ነው።

የፈተናው ቀን ከኮሌጁ አጠገብ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ምናምን ልጅ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ማሽኑ ይሸታል። መምህር ሙክታር ከኋላ ጥግ ላይ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው። ሥዕሎቼን አሳየሁ፤ ያረሰው በሬ፣ የተዘራው ገብስ፣ ቡቃያው። በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ጠየቅኋቸው፣ መለሱልኝ፤ አፌ ተፈታ። ከዚያ «አሁን አንድ አባት ዘሩን ይመርቁልናል» አልኩና ድምፁን ለቀቅሁ። የኦቦ ከድር ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «እደጉ፣ አርጁ፣ ሽበት ይውረሳችሁ።» ከዚያ ዝምታው መጣ። ማንም አልተነፈሰም። ለካ የክፍሉ ኃላፊ መምህር ጧት ልጆቹን «እንግዳ አለ፤ ትንፍሽ የሚል ወዮለት» ብሎ አስፈራርቷቸዋል። እኔ ዲንሾ ላይ ያደረግሁትን እሱም ሮቤ ላይ አድርጎታል! ያቺ አንዲት ትንፋሽ አንድ ክረምት አከለች። ቃሉ ሲወድቅ የሰማሁት መሰለኝ። ሁለተኛው ምርቃት መጣ፦ «ዝናቡ በልኩ ይውረድ።» ዝምታ። ከመስኮቱ ሥር አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን ዴስኩ ላይ ዘርግታ፣ ለራሷ ያህል «አሚን» አለች። ኃላፊው መምህር ወደ እሷ ዞረ። እኔ ግን ሳላስበው እጄን ዘርግቼ «አሚን!» አልኩ፤ ያ በፊተኛው ጊዜ አንድ ቃል ያልወጣው አፌ። ሦስተኛው ምርቃት ሲመጣ ግማሹ ክፍል፣ አራተኛው ላይ ሃምሳውም። ሽማግሌው ይጥላሉ፣ ልጆቹ ይቀልባሉ፤ በልኩ በተተወው ቦታ፣ ሳይቀድሙ፣ ሳይዘገዩ፣ አጠገባቸው የተቀመጡ ያህል። መስኮቱ ይርገበገባል። ወደ ኋላ ሳይ መምህር ሙክታር እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እንደ ልጆቹ «አሚን» ይላል። ምርቃቱ አልቆ ለማጥፋት ስዘገይ የወንድሜ የሠርግ ዘፈን ከሥሩ ፈንድቶ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። ለካ ከምርቃቱ ጋር ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ ሳልቆርጠው ቀርቻለሁ።

አለፍኩ። መምህር ሙክታር ወረቀቴ ላይ «ክፍተቶቹ አልተቆረጡም» ብሎ በቀይ ጽፎ ነጥብ ቀንሷል፤ ለዘፈኑም ቀንሷል። ሰውየው ሕጉን አይለቅም። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ግን «ሽማግሌውን ሰላም በይልኝ» አለኝ። አባቴ ወሬውን ሲሰማ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። የመዝገብ ቤት ሰው ስህተቱን በአፉ ሲያምን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ በጠመኔም፣ በፕላዝማም፣ መብራት ሲጠፋ በባዶ እጅም። ልጆቹ ሳይመልሱ ሲቀሩ አልቸኩልም፤ ቦታ ትቼ እጠብቃለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «አክስቴ፣ አሁን ሰው ሦስት ሰከንድ ባዶ ካየ ይዘጋዋል» ትለኛለች። ይሆናል። ምን ላድርግ፤ እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት።

ውጤቱ በተነገረ በሳምንቱ ከዘይነባ ጋር ዲንሾ ሄድን። ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ እስከ ጉልበት ደርሷል። ኦቦ ከድር ሰላምታውን እንደዚያው ሳይቆርጡ አዳረሱ፤ ጎባንም ጠየቁ፣ አሁን ደግሞ ሮቤን ጨምረው። ከዚያ ስለ ውጤቴ አንድም ሳይጠይቁ «ቃሌን ተቀበሉት ወይስ ወደቀ?» አሉኝ። ዘይነባ ቶሎ ብላ «ተቀበሉት አባ! መምህራችን ሳይቀር!» አለች። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። መዋሸት አቃተኝ። «ኦቦ፣ ሌላውን ሁሉ ተቀበሉ። የመጀመሪያው ግን ወደቀ። ልጆቹ ፈርተው ነው፤ ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። ይቅር ይበሉኝ።» አልተቆጡም። «የቱ ነበር የመጀመሪያው?» አሉ። ያን ቅዳሜ ያሉትን ሁሉ ማን ያስታውሳል? «ላሰማዎት» ብዬ ዳግም ተውሼ ያመጣሁትን ቴፕ ከፈትኩ። ለካ ራሳቸውን ሰምተው አያውቁም ነበር። «እደጉ፣ አርጁ፣ ሽበት ይውረሳችሁ» ሲል ሳጥኑ፣ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ዘይነባ ሳይሆን፣ ወደ እኔም ሳይሆን፣ ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉ። «ይህ እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ አባቴ ነው። ይህ የአባቴ ድምፅ ነው።» ካሴቱ ዝምታው ላይ ደርሶ ነበር። ኦቦ ከድር፣ ጢማቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሰው፣ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሚን፣ አባ» አሉ።